መለኪያውን የለኩት ሰው

ገመድ እርጥበት ሲነካው ያጥራል። በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን በሰሜን ሕንድ መሬት የሚለካው በገመድ ነበርና ይህ ለገበሬው ቀላል ነገር አልነበረም። ጤዛ በጠጣ ገመድ ማለዳ የተለካ ማሳ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ባደረቀው ገመድ ሲለካ ከሚወጣለት ስፋት ይበልጣል፤ ግብሩም አብሮ ከፍ ይላል። ቀላድ ሲጣል ያየ ሽማግሌ ያጫወተው ሰው ነገሩን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት አክባር ገመዱን አስቀርቶ፣ በብረት ቀለበት የተያያዘ የቀርከሃ መለኪያ እንዲተካበት ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይህችን ወሬ እንደ ማጣፈጫ ጠቅሰዋት ያልፋሉ። ሕንዳዊው የታሪክ ሊቅ ኢርፋን ሀቢብ አላለፏትም። ቀርከሃው ምን ያህል ይረዝም ነበር? የተለካበት «ገዝ» የተባለው ክንድስ ስንት ጣት ይይዛል? አክባር ከመንገሡ በፊት ስንት ነበር? በልጅ ልጁ በሻህ ጃሃን ዘመንስ ተለውጦ ይሆን? ገበሬው ከምርቱ ይህን ያህል ገበረ ብሎ አፍ ሞልቶ ለመናገር መጀመሪያ እነዚህ ጥያቄዎች መመለስ ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣው «የሙጋል ሕንድ የእርሻ ሥርዓት» በተሰኘው መጽሐፋቸው መጨረሻ ስለ መሬት ልክ፣ ስለ ክብደትና ስለ ገንዘብ የሚናገሩ አባሪዎች አሉ። አብዛኛው አንባቢ የማይደርስባቸው ገጾች ናቸው። እኔ ግን ከመጽሐፉ ሁሉ አብልጬ የምወደው እነዚህን ነው፤ የሰውየው እጅ ከሁሉ ይበልጥ የሚታየው እዚያ ነውና።

ሀቢብ በ1931 ተወለዱ። አባታቸው መሐመድ ሀቢብ በአሊጋር ሙስሊም ዩኒቨርሲቲ ስመ ጥር የታሪክ መምህር ነበሩ። የእናታቸው አባት አባስ ታያብጂ ደግሞ በ1930 በእንግሊዝ የጨው ግብር ላይ በተነሣው ንቅናቄ፣ ጋንዲ ሲታሰሩ የመሪነቱን ቦታ የተረከቡት ሽማግሌ ናቸው። ልጁ በአሊጋር ተማሩ፤ ኦክስፎርድ በሚገኘው ኒው ኮሌጅ የዶክትሬት ጥናታቸውን ሠሩ፤ ከዚያም በቁልፍ ሠሪዎቿ ወደምትታወቀው ወደዚያችው ከተማ ተመለሱ። ከ1969 እስከ 1991 በዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሆነው አስተማሩ። ማርክሳዊ መሆናቸውንም፣ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል መሆናቸውንም ደብቀው አያውቁም። የሕይወት ታሪካቸው በአጭሩ ይኸው ነው። ሥራቸው ግን በአጭሩ አይነገርም።

ከክብደት እንጀምር። በአክባር ዘመን የእህል ዋጋ የሚነገረው በሞንድ ነው። አንድ ሞንድ 40 ሴር ነው፤ አንዱ ሴር ደግሞ 30 ዳም ይመዝናል። ዳም የመዳብ ገንዘብ ነው፤ መገበያያም መመዘኛም ሆኖ ያገለግል ነበር። የዚያ ዘመን የመዳብ ገንዘቦች ዛሬም በየሙዚየሙ አሉ፤ ሚዛን ላይ ሲወጡ ሙሉ ክብደታቸው 21 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ የአክባር ሞንድ ወደ 25 ኪሎ ይመጣል ማለት ነው። እዚህ ላይ መቆም ይቻል ነበር። ሀቢብ ግን ወደ ቀጣዮቹ ነገሥታት ይሻገራሉ። በጃሃንጊር ዘመን ሴሩ 36 ዳም ሆነ፤ ሞንዱም ወደ 30 ኪሎ ወጣ። በሻህ ጃሃን ዘመን ሴሩ 40 ዳም ገባ፤ ሞንዱ 33 ኪሎ ተኩል ገደማ ደረሰ። ስሙ ሁልጊዜ ሞንድ ነው። በ1595 የተጻፈን የስንዴ ዋጋ በ1640 ከተጻፈው ጋር በደፈናው የሚያነጻጽር ሰው፣ ሁለተኛው ሞንድ ከመጀመሪያው በሦስተኛ እጅ እንደሚከብድ ካላወቀ፣ ስለ ኑሮ መወደድም ሆነ መርከስ የሚናገረው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በዚህ ላይ ጉጃራት የራሷ ሌላ ሞንድ ነበራት። የእንግሊዝና የሆላንድ ነጋዴዎች ደብዳቤ ሲጽፉ «ሞንድ» ይላሉ እንጂ የትኛው ሞንድ እንደሆነ ሁልጊዜ አይናገሩም። ስለዚህ እያንዳንዱ ደብዳቤ ከየት ከተማ፣ በየትኛው ዓመት፣ ስለ የትኛው ሸቀጥ እንደተጻፈ መመርመር ነበረበት።

የመሬቱ ልክ ከዚህም ይከብዳል። አክባር በ1586 ያወጣው «የኢላሂ ገዝ» 41 ጣት ነው። የማን ጣት? ጣት በሙዚየም አይቀመጥም። ደግነቱ በዚያው ቤተሰብ የተሠራ ታላቅ ሕንፃ ቆሟል፤ የሻህ ጃሃን የቤተ መንግሥት ታሪክ ጸሐፊ ላሆሪ የታጅ ማሃልን ልኮች በገዝ መዝግቦ ትቶልናል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አንድ የእንግሊዝ መኮንን ሕንፃውን በራሱ መለኪያ ለክቶ ሁለቱን አስተያይቷል። ሀቢብ ይህን ማስረጃ ከሌሎች ጋር እየመዘኑ፣ የኢላሂው ገዝ ከ80 ሳንቲሜትር ጥቂት ከፍ እንደሚል ያሳያሉ። 60 ገዝ በ60 ገዝ የሆነው ማሳ «ቢጋ» ይባላል፤ ስፋቱም ከአንድ ሄክታር ሩብ ትንሽ ያንሳል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ። በሻህ ጃሃን ዘመን የመንግሥት መዝገብ ቤት ሌላ ቢጋ መጠቀም ጀመረ፤ «የመዝገብ ቢጋ» የሚባለው ይህ መለኪያ የኢላሂው ሁለት ሦስተኛ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድም ቁራሽ አዲስ መሬት ሳይታረስ፣ የልጁ የአውራንግዜብ ዘመን መዝገብ ከአክባር ዘመን መዝገብ በግማሽ የበለጠ ስፋት ሊያሳይ ይችላል። ይህን ያላጣራ ጸሐፊ፣ በመቶ ዓመት ውስጥ እርሻው ምን ያህል ተስፋፋ፣ አገሩስ ምን ያህል በለጸገ እያለ ምዕራፍ ሙሉ ሊጽፍ ነው፤ የተለወጠው ግን መለኪያው ነበር። ሀቢብ ይህን አስተካክለው ነው ወደ ንጽጽሩ የሚገቡት። ጭብጨባ የሌለበት ሥራ ነው፤ አንድ መሠረት የሚጥል ግንበኛ ውሃ ልኩን ሦስት ጊዜ ሲያይ ማን ያጨበጭባል? ቤቱ የሚቆመው ግን በዚያ ነው።

ይህ ሁሉ ልፋት ለገበሬው ሲባል ነበር። የሙጋል ሕንድ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው በአልማዝ፣ በእብነ በረድና በዝሆን ሰልፍ ነው። ሀቢብ የጠየቁት የእብነ በረዱ ዋጋ ከማን ማሳ እንደወጣ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ለሹማምንቱ ደመወዝ በመክፈል ፈንታ «ጃጊር» የሚባል ጉልት ይሰጣል፤ ሹሙ ከዚያ አካባቢ ግብሩን ይበላል። ማንም ሹም ሥር ሰዶ እንዳይሸፍት ጉልቱ በየሦስትና በየአራት ዓመቱ ከአንዱ ተነሥቶ ለሌላው ይሰጥ ነበር። ለዙፋኑ ብልህ ዘዴ ነው፤ ለገበሬው ግን መዓት ሆነ። ነገ ለቅቆ የሚሄድ ሹም ለከርሞ መኸር ምን አስጨነቀው? ዛሬ ያለውን ጠራርጎ ይወስዳል። ገበሬው ዘርና በሬ ሲያጣ ቀዬውን ጥሎ ይሰደዳል፤ ወይም ለአካባቢው ባላባት፣ ለዛሚንዳሩ፣ አድሮ መሣሪያ ያነሣል። ሀቢብ የአውራንግዜብን ዘመን ዐመፆች፣ በ1669 በጎኩላ የተመሩትን የጃት ገበሬዎች፣ በ1672 የተነሡትን ሳትናሚዎች፣ ከዚያም የሲኮችንና የማራታዎችን ትግል በአንድ ክር ያያያዙት በዚህ መንገድ ነው፤ የግዛቱን መንኮታኮት ከመስጊድና ከቤተ መቅደስ ጠብ ይልቅ በግብሩ ክብደት ውስጥ ፈለጉት። ሀብቱ ምን ያህል በጥቂት እጆች እንደተከማቸ የአሊጋር ባልደረባቸው ጃን ቃይሳር ቆጥረው አሳይተዋል፤ በ1647 ገደማ ከነበሩት 8,000 ያህል ባለ ማዕረግ ሹማምንት መካከል 445ቱ ብቻ ከግዛቱ ጠቅላላ ግብር 61.5 በመቶ ያህሉ ተመድቦላቸው ነበር።

የሀቢብን የምስክር አያያዝ ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ፍራንስዋ በርኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በአውራንግዜብ ዘመን መጀመሪያ ሕንድ ውስጥ ኖሮ ብዙ ጽፏል። ጉልተኞቹ ለመሬቱ እንደማይጨነቁ፣ ገበሬውም ተስፋ ቆርጦ እንደሚሸሽ የነገረን እርሱ ነው፤ ሀቢብ በዚህ ያምኑታል፤ የፋርስኛ ደብዳቤዎችና ትእዛዞች ይደግፉታልና። ይኸው በርኒዬ በሕንድ መሬቱ ሁሉ የንጉሡ ነው፣ የግል ይዞታ የሚባል ነገር የለም ሲል ግን ሀቢብ አይቀበሉትም። ሰዎች የዛሚንዳርነት መብታቸውን በዳኛ ፊት የሸጡባቸው የውል ሰነዶች አሉ፤ ገበሬውም ከያዘው ማሳ እንዲሁ የማይነቀልበት መብት ነበረው። ፈረንሳዊው እነዚህን ወረቀቶች አላየም፤ ግብሩ ከባድ መሆኑን አይቶ የመሬት ኪራይ መሰለው። ከአንድ ሰው ቃል ግማሹን ተቀብሎ ግማሹን ሲመልሱ ምክንያቱን ከነማስረጃው በግርጌ ማስታወሻ ያስቀምጣሉ። ደግሞ አስታውሱ፣ በበርኒዬ ቃል ላይ ካርል ማርክስ ራሱ ተመሥርቶበት ነበር። ማርክሳዊው ሀቢብ ሰነዱ ከመምህሩ ሲለይ ከሰነዱ ጋር ቆሙ።

ሌላም ምሳሌ ልጨምር። የአክባር ባለሟል አቡል ፈዝል በ1595 ገደማ «አኢን ኢ አክባሪ» የተባለውን ታላቅ መዝገብ አጠናቀቀ። በውስጡ እያንዳንዱ ወረዳ ስፋቱ፣ ግብሩ፣ የሚያወጣው ፈረሰኛና እግረኛ በሰንጠረዥ ተዘርዝሯል። ከሀቢብ በፊት የነበረው ትልቁ የዘርፉ ሊቅ ሞርላንድ፣ የእንግሊዝ የግብር ሹም የነበረ ሰው፣ ዛሚንዳሮች ከማዕከላዊው አስተዳደር ውጭ የነበሩ የዳር አገር ገዢዎች ናቸው ብሎ ያምን ነበር። ሀቢብ የታተመውን ቅጂ ትተው ጥንታዊዎቹን የእጅ ጽሑፎች ገለጡ። እዚያ፣ በየወረዳው ስም ትይዩ፣ ዛሚንዳሮቹ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ የሚያመለክት ዐምድ ከነርእሱ አለ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መዝገቡን ለኅትመት ያዘጋጀው ሰው ሰንጠረዡን ሲያፈርስ የዐምዱን ርእስ ጥሎት ነበር። አንድ ርእስ ከገጽ በመውደቁ፣ በግዛቱ እምብርት ጭምር የነበረ አንድ ሙሉ የማኅበረሰብ ክፍል ከታሪክ ወድቆ ኖረ። ዛሚንዳሩ በገበሬውና በዙፋኑ መካከል የቆመ ሰው መሆኑ ሲታወቅ የመጽሐፉ ጠቅላላ ሥዕል ተለወጠ።

ድምዳሜያቸው ሁሉ ጸንቷል ማለቴ አይደለም። ሙዛፈር አላም በ1986 ባሳተሙት ጥናት የአዋድንና የፑንጃብን አውራጃዎች መርምረው፣ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን መባቻ እዚያ የሚታየው ውድቀት ብቻ እንዳልሆነ፣ የንግድና የእርሻ ዕድገትም እንደነበረ ተከራክረዋል። የቀውሱ ክብደት በየቦታው አንድ ዓይነት አለመሆኑን በተመለከተ እኔ አላም ያመዝናሉ ባይ ነኝ። ነገር ግን ክርክሩ ራሱ የሚካሄደው ሀቢብ ባጣሩት ቢጋና ሞንድ ነው። ተቃዋሚ ሊጠቀምበት የሚችል መሣሪያ ሠርቶ መተው ከሁሉ የሚበልጥ የሙያ ልግስና ይመስለኛል።

ሀቢብ በ1969 ባቀረቡት ጽሑፍ ከቱርኮች ወረራ በኋላ በአሥራ ሦስተኛውና በአሥራ አራተኛው መቶ ዘመን ሕንድ ውስጥ ስለገቡት መሣሪያዎች ተናገሩ። አንዱ መሣሪያ የጥጥ መፍተያ መንኮራኩር ነው። ጋንዲ የነጻነት ትግል ምልክት ስላደረጉት ሁሉም ሰው ከጥንት ጀምሮ የሕንድ ነው ብሎ ያስባል። ሀቢብ ማስረጃ ፈለጉ። በጥንታዊዎቹ ጽሑፎችና ቅርጻ ቅርጾች ጥጡ አለ፣ እንዝርቱ አለ፤ መንኮራኩሩ የለም። በመጨረሻ ያገኙት ኢሳሚ የተባለ ገጣሚ በ1350 ገደማ በፋርስኛ በጻፈው የታሪክ ግጥም ውስጥ ነው። ኢሳሚ በ1236 ደልሂ ላይ የነገሠችውን ራዚያን ይነቅፋል፤ ሴት ቦታዋ ከመፍተያው አጠገብ እንጂ ዙፋን ላይ አይደለም ይላል። ሌላው አንባቢ እዚህ ጋ የሚያየው ስለ ንግሥቲቱ የተነገረውን ነው። ሀቢብ ዕቃውን አዩ። ገጣሚው ሳያስበው፣ በጻፈበት ዘመን መንኮራኩሩ ከየቤቱ ገብቶ የሴት መለያ እስኪሆን መለመዱን መስክሮላቸዋል። ያን ጊዜ ጥያቄው ይቀጥላል፤ ፈታዩ ብዙ ክር ሲያወጣ ሸማኔው ምን ሆነ? ልብስ ረከሰ ወይ? ጥጥ የሚዘራው ማሳስ ሰፋ? ከአንድ የነቀፋ ስንኝ ተነሥተው እስከ ማሳው ይደርሳሉ። ውሃ ከጉድጓድ በሚያወጣው፣ በበሬ በሚዞረው ባለ ጥርስ መንኮራኩር ላይም እንዲሁ ሠርተዋል፤ እዚያ ምስክራቸው የሙጋሎች አባት ባቡር ነው፤ በላሆርና በሲርሂንድ በኩል ገመዱ፣ እንጨቱና እንስራው እንዴት እንደሚታሰር በማስታወሻው በዝርዝር ጽፏልና።

በ1982 ሁለት ትልልቅ ሥራዎች በአንድ ዓመት ወጡ። አንዱ ከታፓን ራይቻውድሪ ጋር ያዘጋጁት የካምብሪጅ የሕንድ የኢኮኖሚ ታሪክ የመጀመሪያ ቅጽ ነው። ሁለተኛው፣ ለእኔ የሚበልጠው፣ የሙጋል ግዛት አትላስ ነው። ለእያንዳንዱ አካባቢ ሁለት ካርታ አለው፤ አንዱ የአስተዳደሩ፣ ሌላው የኢኮኖሚው። በኢኮኖሚው ካርታ ላይ በባያና የበቀለው ኢንዲጎ፣ ሸማ የሚሠራባቸው ከተሞች፣ የጨውና የአልማዝ ቦታዎች፣ የነጋዴ መንገዶች ሰፍረዋል። እያንዳንዷ ነጥብ ማስረጃ አላት፤ ማስታወሻው ውስጥ ገብቶ ይህች ከተማ እዚህ የተቀመጠችው በማን ምስክርነት ነው ብሎ መፈለግ ይቻላል። በአቡል ፈዝል መዝገብ ያሉት የወረዳ ስሞች በአራት መቶ ዓመት ውስጥ ተለዋውጠዋል፤ አንዳንዶቹን ጸሐፊዎች አበላሽተው ገልብጠዋቸዋል፤ የዛሬ መንደር ላይ ለማሳረፍ ስሙን፣ ጎረቤቱን፣ የግብሩን መጠን እያገናዘቡ መሄድ ያስፈልጋል። ወንዞቹም አልቆዩም። ብራህማፑትራ ከአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ዋና መንገዱን ቀይሯል፤ የፑንጃብ ወንዞችም እንዲሁ ተዘዋውረዋል። በዛሬው ወንዝ ዳር የጥንቱን ወደብ የሚያሰፍር ካርታ ነጋዴውን በደረቅ መሬት ላይ ያስቀዝፈዋል። ስለዚህ ወንዞቹ በዚያን ጊዜ ወደሚሄዱበት ተመልሰው ተሣሉ።

ደቡባዊውን የደካን ምድር የሚያሳዩትን ካርታዎች የሚገልጥ ኢትዮጵያዊ አውራንጋባድን ሲያይ ቆም ማለቱ አይቀርም። ከተማዋን ኺርኪ ብሎ በ1610 የቆረቆራት ማሊክ አምባር ነው፤ ከአገራችን በባርነት ተወስዶ፣ በአህመድናጋር የመንግሥቱ እንደራሴ እስከመሆን የደረሰ፣ የጃሃንጊርን ጦር ዓመታት ያስጨነቀ ሰው። በጦር ብቻ አልነበረም የሚታወቀው፤ በመሬት ልኬት ላይ የተመሠረተው የግብር ሥርዓቱ ከሞተ በኋላም በደካን ሲወሳ ኖሯል። ታሪኩን በጀግንነቱ ብቻ ለምንተርክ ለእኛ፣ የግብር አሠራሩን በሀቢብ ዓይን የሚያጠና አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ቢነሣ እንዴት ባማረ።

ሀቢብ በአሊጋር ብቻቸውን አልነበሩም። አትሃር አሊ የአውራንግዜብን መኳንንት አንድ በአንድ መዘገቡ። ሺሪን ሙስቪ በ1987 የአቡል ፈዝልን አኃዞች በዘመናዊ ስታቲስቲክስ ፈትሸው የ1595ን ኢኮኖሚ ገነቡ። ሀቢብም ከካርታ ሠሪው ፋይዝ ሀቢብ ጋር በ2012 የጥንታዊት ሕንድን ታሪክ አትላስ አወጡ።

ሰውየው ከመዝገብ ቤት ወጥተው አደባባይ ሲቆሙም እጃቸው አልተለወጠም። ከ1980ዎቹ ወዲህ በሕንድ ታሪክ የፖለቲካ ጦር ሜዳ ሆነ። ሀቢብ የሂንዱ ብሔርተኝነትንም የእስልምና አክራሪነትንም በአንድ ድምፅ ተቃወሙ፤ ከሁለቱም ወገን ስድብና ዛቻ ተቀበሉ። ብዙ ምሁር በዚህ ጊዜ መግለጫ ይፈርማል። እርሳቸውም ፈርመዋል፤ የማከብራቸው ግን ከዚያ በኋላ በሠሩት ነው። በ2002 በወቅቱ በነበረው መንግሥት አዲስ የታሪክ መማሪያ መጻሕፍት ወጡ። ከሱቪራ ጃይስዋልና ከአዲትያ ሙከርጂ ጋር ሆነው አራቱን መጻሕፍት ቃል በቃል አነበቡ፤ በ2003 የሕንድ ታሪክ ጉባኤ ያሳተመው ሪፖርት «የስሕተቶች ማውጫ» ተያይዞበታል። ገጹ ይህ፣ የተጻፈው ይህ፣ እውነቱ ይህ እያለ ይቀጥላል። ከመጻሕፍቱ በአንደኛው፣ ስለ ሃያኛው መቶ ዘመን ሕንድ በሚናገረው፣ በመጀመሪያው ኅትመት የጋንዲ መገደል አልተጠቀሰም ነበር። ለልጆች የሚሰጥ መጽሐፍ ውስጥ! ሀቢብና ባልደረቦቻቸው ቁጣቸውን በማውጫው ውስጥ አስገቡት፤ ያንን ማውጫ ደግሞ ማንም አስተማሪ፣ የየትኛውም ፓርቲ ደጋፊ ቢሆን፣ መጽሐፉን ከጎኑ ዘርግቶ ራሱ ሊያረጋግጠው ይችላል። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ መጻሕፍቱ በሌሎች ተተኩ።

ትችት ብቻ እንዳይሆን ራሳቸውም ለሕዝቡ ጻፉ። ከ2001 ጀምሮ «የሕንድ ሕዝብ ታሪክ» በሚል ርእስ ተከታታይ ትንንሽ መጻሕፍት ማውጣት ጀመሩ። የመጀመሪያው ስለ ቅድመ ታሪክ ነው፤ የሚጀምረውም ከነገሥታት አይደለም፤ የሕንድ ምድር ራሱ እንዴት እንደተፈጠረ፣ ተራራውና ወንዙ ከየት እንደመጡ በማስረዳት ነው። ከዚያ የኢንዱስ ሥልጣኔ፣ የቬዳ ዘመን፣ የመካከለኛው ዘመን ቴክኖሎጂ፣ በ2010 ደግሞ የሰውና የአካባቢው ታሪክ ተከተለ። በየምዕራፉ መጨረሻ ከምንጮቹ የተቀነጨበ ጽሑፍ አለ፤ የተማሪው ዓይን ጸሐፊው ያየውን ሰነድ በቀጥታ እንዲያይ። አንድ ጸሐፊ እመኑኝ ከማለት ይልቅ እነሆ ሲል አንባቢውን ያከብራል።

በ1999 የመጀመሪያውን መጽሐፋቸውን ከሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላ አርመው አሳተሙት። ጎልማሳ ሆነው የጻፉትን እንደ ሐውልት አላቆሙትም፤ አዳዲስ ሰነዶች ስለተገኙ ጽሑፉ እንደገና ተሠራ፣ የግርጌ ማስታወሻዎቹም እንደገና ተፈተሹ።

ከአዳዲሶቹ ሰነዶች መካከል ከቪሪንዳባን ቤተ መቅደሶች የወጡት ይገኙበታል። ቪሪንዳባን ከአግራ ብዙም የማትርቅ የክሪሽና ምእመናን ከተማ ናት። ካህናቱ ለዘመናት ያስቀመጧቸው የመሬት ሰነዶች በፋርስኛና በአካባቢው በብራጅ ቋንቋ የተጻፉ ናቸው። ታራፓዳ ሙከርጂ የተባሉት ምሁር ሰነዶቹን ሲያጠኑ፣ ፋርስኛውን አብሯቸው የሚያነብ ሰው ሀቢብ ሆኑ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሁለቱ በጋራ ተከታታይ ጽሑፎች አቀረቡ። በ1598 አክባር በቪሪንዳባን፣ በማቱራና በአካባቢው ላሉ 35 ቤተ መቅደሶች 1,000 ቢጋ መሬት ማጽናቱን የሚያሳየው ትእዛዝ ከእነዚህ ሰነዶች አንዱ ነው። ሙስሊም ንጉሥና የሂንዱ ቤተ መቅደስ ሲባል ጠብ ብቻ ለሚታያቸው ሰዎች ከየትኛውም ንግግር የሚበልጥ መልስ ነበር፤ ሆኖም ጸሐፊዎቹ ሰነዱን ለክርክር ማሸነፊያ ብቻ አልተጠቀሙበትም። ማን መሬት ሸጠ፣ ስንት ቢጋ፣ በስንት ሩፒ፣ የመንደሩ ሽማግሌዎች ምን ድርሻ ነበራቸው ብለው ጠየቁ።

ሙከርጂ ሥራው መጽሐፍ ሳይሆን አረፉ። ዓመታት አለፉ፤ ሀቢብ አልተዉትም። በ2020፣ ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረቡ፣ በሙጋል ዘመን ስለ ብራጅ ምድር፣ ስለ መንግሥቱ፣ ስለ ገበሬዎቹና ስለ ካህናቱ የሚተርከው መጽሐፍ የሁለቱንም ስም ይዞ ወጣ።